ፒልስ ከጀመርኩ ፔሬዴ ተመሰቃቀለ፣ ያቆማችሁትስ እንዴት ሆናችሁ? (ሀዋሳ)

የሽፍት ልጅ
ሰላም እህቶቼ እንዴት ናችሁ። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ ነው የምሰራው። ከጤና ጣቢያ ፒልስ (በየቀኑ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ) ወስጄ ጀመርኩና አሁን ሁለተኛው ፓኬት እየተጋመሰ ነው። በፊት ፔሬዴ እንደ ደመወዝ ነበር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ አንድ ቀን ነው። አሁን ግን ገና ቡናማዎቹ ፍሬዎች ጋ ሳልደርስ ፓኬቱ መሀል ላይ ትንሽ ትንሽ ነገር ይነካካኛል፣ ሞዴስ ለማድረግ ያንሳል ላለማድረግ ያስፈራል፣ ከዛ ደሞ ቀኑ ሲደርስ ጠብ ጠብ አለና ሁለት ቀን ሳይሞላ ጠፋ። ቤት አብረን የተከራየነው ልጆች አንዷ ደሙ ውስጥሽ እየተጠራቀመ ነው ትለኛለች ሌላዋ ደሞ መሀን ያረግሻል ጣይው ትላለች። ልተወው ልቀጥል እያልኩ ነው። ካቆምኩት ወደ ድሮው ይመለሳል ወይ? ስንት ጊዜስ ይፈጃል? የወሰዳችሁም ያቆማችሁም በናታችሁ ንገሩኝ፣ ለምን ወሰድሽ የሚል ካለ ግን ይለፈኝ።

የሁለት እናት
አይዞሽ የኔ ቆንጆ። እኔም ስጀምር ልክ እንዳንቺ ነበርኩ፣ ነጭ ቀሚስ መልበስ ሁሉ ትቼ ነበር ሃሃ። ሶስተኛው ፓኬት አካባቢ ሳላውቀው ጠፋልኝ። ከዛ በኋላማ ተመስገን ነው ያልኩት፣ ድሮ ፔሬድ ሲመጣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሆዴ ላይ አድርጌ ተጠቅልዬ ነበር የምውለው፣ ፒልሱ ላይ እያለሁ ህመሙም ቀነሰ ደሙም ቀነሰ፣ ሁለት ሶስት ቀን ብቅ ብሎ ይሄዳል። ብቻ ተናደድኩ ብለሽ ፓኬቱ መሀል ላይ እንዳትወረውሪው፣ ያኔ ደሙም ይመጣብሻል እርግዝናውም ሊመጣብሽ ይችላል።

የድሮ ሰው
ልጆቼ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ደም በየወሩ መውረድ አለበት፣ ካልወረደ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ለዚህ ነው ኪኒን የሚወስዱት ሁሉ ራሴን ራሴን የሚሉት። ጎረቤቴ ስንት አመት ስትውጥ ኖራ ልጅ ሲያምራት አጣች። ኪኒኑ ማህፀን ውስጥ ይከማቻል ይባላል፣ እኔ አልዋሽም።

ሞዴስ አልቆብኛል
እትዬ በአክብሮት ነው የምለው ግን ኪኒን የሚዋጠው በአፍ አይደል እንዴ፣ ማህፀን ጋ በየት በኩል ዞሮ ነው የሚከማቸው ሃሃሃ። ሲስተር ታቦር የት ነሽ ነይልን።

ሲስተር ታቦር
መጣሁ መጣሁ፣ እኔም ተረኛ ነበርኩ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰርቻለሁ፣ ይሄንን ጥያቄ የማልሰማበት ቀን የለም።

ከደሙ እንጀምር። ፒልስ የማትወስድ ሴት በየወሩ እንቁላል ትለቃለች፣ የማህፀኗ ውስጠኛ ግድግዳ ደሞ እርግዝና ቢመጣ ብሎ እየወፈረ ይጠብቃል፣ ካልመጣ ይፈርስና ይወርዳል። ፒልስ ስትወስጂ ግን እንቁላል አይለቀቅም፣ ግድግዳውም ስስ እንደሆነ ነው የሚቆየው። ከ28ቱ ፍሬ ሆርሞን ያለባቸው 21ዱ ናቸው፣ ቡናማዎቹ 7ቱ ብረት ብቻ ናቸው። ወደነሱ ስትገቢ ሆርሞኑ ይቋረጥና ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ያቺ ስስ ግድግዳ ትረግፋለች። አንቺ ቀኑ ሲደርስ ያየሽው እሱ ነው፣ ስስ ስለሆነ አነሰ ቶሎም ቆመ። ውስጥሽ የተጠራቀመ ደም የለም የኔ እህት፣ መጀመሪያውኑ ያን ያህል አልተሰራም። እንዲያውም አንዳንድ ሴት ላይ አንድ ወር ጭራሽ ሳይመጣ ሊያልፍ ይችላል። ኪኒኗን ሳታጎድል የወሰደች ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም፣ ፍሬ የዘለለች ከሆነ ወይም ሁለት ወር ተከታትሎ ከቀረባት ግን የሽንት ምርመራ ታድርግ።

መሀል ላይ የሚነካካሽ ደሞ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ላይ በጣም የተለመደ ነው። ማህፀንሽ አዲሱን ሆርሞን እስኪለምድ ነው፣ ኪኒኑ አልያዘኝም ማለት አይደለም። ግን ከመልመድ ውጪ ያለው ትልቁ ምክንያት ሰዓት ማዛባትና ፍሬ መዝለል ስለሆነ እሱን ልጠይቅሽ፣ በስንት ሰዓት ነው የምትወስጂው?

እትዬ የድሮ ሰው፣ ራስ ምታቱን እውነትዎን ነው፣ አንዳንዶቹን መጀመሪያ ላይ ያማቸዋል፣ ማቅለሽለሽም ጡት መክበድም አለ። ከሆርሞኑ ነው እንጂ ደም ወደ ላይ ወጥቶ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜም በጥቂት ወር ይተዋል። ጎረቤትዎም ልጅ ያጡት በኪኒኑ ነው ማለት አይቻልም፣ ፒልስ መሀን አያደርግም። ልጅ ማጣት ስንት ምክንያት አለው፣ ከባልየውም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ግን ማንም አይጠይቅም።

የሁለት እናት
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ፍሬም አድርጌ አማቴ ቤት ልሰቅላት ነው ሲስተር።

የሽፍት ልጅ
ሲስተርዬ እግዜር ይስጥሽ በጣም ነው ያቀለልሽልኝ። ሰዓቱን ማታ ከመተኛቴ በፊት ነበር ያሉኝ። ግን ሽፍታችን በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ጠዋት ስገባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተኝቻለሁ፣ ከሰዓት ስገባ ደሞ ማታ 5 ሰዓት ነው ቤት የምደርሰው፣ ደክሞኝ ጫማዬን ሳላወልቅ ሁሉ እንቅልፍ ይወስደኛል። እና አንዳንዴ ጠዋት ላይ ነው ትዝ የሚለኝ፣ ያኔ እውጠዋለሁ። ጭራሽ ያለፈኝም ይኖራል መሰለኝ።

ሲስተር ታቦር
በይ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ከመተኛትሽ በፊት የሚለውን ተይው፣ የመኝታ ሰዓትሽ በየሳምንቱ ከተቀያየረ እሱ ላይ የታሰረ ነገር አብሮ ይናጋል። ባንቺ ሽፍት ሁለቱም ሳምንት ነቅተሽ የምትገኚበት ሰዓት የምሳ ሰዓት ነው፣ ቀን 6 ሰዓት ወይ 6 ተኩል አካባቢ ከምግብ ጋር ዋጪው፣ ከምግብ ጋር ሲሆን ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ፓኬቱን ምሳ እቃሽ ጋር ያዥው። የእረፍት ቀንሽም ሰዓቱን አትቀይሪ።

ለተረሳው ደሞ ሁላችሁም ያዙት፣ ይሄ የተለመደው ባለ ሁለት ሆርሞን ፒልስ ላይ ነው። አንድ ፍሬ ከረሳሽ ባስታወስሽበት ሰዓት ዋጪው፣ በአንድ ቀን ሁለት ቢደራረብም ግድ የለም። ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ካመለጠሽ ግን ባስታወስሽ ጊዜ አንድ ዋጪና ቀሪውን በየቀኑ ቀጥዪ፣ ሆርሞን ያለበትን 7 ቀን በተከታታይ እስክትወስጂ ኮንዶም ያስፈልጋል። የዘለልሽው ሶስተኛው ሳምንት ላይ ከሆነ 21ዱ ሲያልቅ ቡናማዎቹን ተይና ቀጥታ አዲስ ፓኬት ግቢ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዘለሽ ግንኙነት ከነበረ ደሞ ለድንገተኛ መከላከያ ቶሎ ሰው አማክሪ። ከቡናማዎቹ ብትረሺ ምንም አትሆኚም፣ እሷን ጣያት።

አላሙራ ማዶ
ሲስተር እኔ ደሞ ስጀምር ፔሬዴ እስኪመጣ ጠብቂ ብለው መልሰውኝ ነበር። እርጉዝ አለመሆንሽ ከታወቀ በማንኛውም ቀን መጀመር ይቻላል ይላሉ ሌሎች፣ የቱ ነው ልክ?

ሲስተር ታቦር
ይቻላል። ፔሬድሽ በገባ 5 ቀን ውስጥ ከጀመርሽ ወዲያው ይከላከላል፣ በሌላ ቀን ከጀመርሽ የመጀመሪያውን 7 ቀን ኮንዶም ጨምሪ ማለት ብቻ ነው። በሌላ ቀን ስትጀምሪ ፔሬድሽ ከለመድሽው ቀን ይሸሻል፣ ቡናማዎቹ ጋ እስክትደርሺ አይመጣምና እንዳትደነግጪ።

ቆሎ በሻይ
እኔ የማቆሙን ልንገርሽ የሽፍት ልጅ፣ ሁሉም ስለመጀመር ነው የሚያወራው። ከተጋባን ጀምሮ ፒልስ ላይ ነበርኩ፣ ከዛ ልጅ እንውለድ ተባብለን ፓኬቱን ጨርሼ ተውኩት። እንዳቆምኩ የለመድኩት መጣ፣ ደስ አለኝ፣ አለቀ ተመለሰ ብዬ ነበር። ከዛ በኋላ ጭጭ። የሚቀጥለው ወር የለም። በየሳምንቱ ፋርማሲ እየሄድኩ ምርመራ ስገዛ ልጅቷ ለመደችኝ፣ ስገባ ሳልናገር ታወጣልኛለች። ሁሉም አንድ መስመር ነው። አማቴ ደሞ ሰንበቴ ለሚጠጡት ሴቶች ሁሉ ነግራ በጠበል የሚመክረኝ በዛ። ክሊኒክ ስሄድ ዶክተሯ እንዳቆምሽ የመጣው የኪኒኑ ደም ነው፣ የራስሽ አካል ገና እንቁላል መልቀቅ እየጀመረ ነው፣ ብዙ ሴት ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል አንዳንዱ ላይ ግን እስከ 3 ወር ይወስዳል፣ ከ3 ወር ካለፈ ነይ አለችኝ። እውነትም ሳይሞላ መጣ። ግን ምን ልበልሽ፣ ድሮ የረሳሁት ቁርጠት ከነቤተሰቡ ነው የተመለሰው፣ ደሙም በዛ፣ ፊቴ ላይም የአስራዎቹ እድሜ ብጉር። ቀስ ብሎ ተስተካከለ፣ አሁን ልጄ እየዳኸ ነው።

የባሌ እህት ደሞ ካቆመች በኋላ አንድም ጊዜ ፔሬድ ሳታይ ነው ያረገዘችው፣ እስኪመለስ ነው እያለች ስትጠብቅ ሆዷ ገፋ።

ሞዴስ አልቆብኛል
ቆይ ፔሬድ ሳይመጣ እንዴት ነው የሚረገዘው፣ ግራ ገባኝ

ሲስተር ታቦር
እንቁላሉ እኮ ነው ቀድሞ የሚለቀቀው፣ ደሙ የሚመጣው ከዛ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። እንቁላሉ በወጣበት ሰሞን ከተገናኙ ደሙ ሳይታይ እርግዝና ይይዛል። ፒልስ ያቆመች ሴት ያ የመጀመሪያው እንቁላል መቼ እንደሚመጣ አታውቅም፣ ስለዚህ መውለድ የማትፈልግ ከሆነ ባቆመችበት ቀን ሌላ መከላከያ መጀመር አለባት። ፔሬዴ ይመለስና እጀምራለሁ የሚሉ ብዙ ናቸው እኛ ጋ እርጉዝ ሆነው የሚመጡት። ብጉሩም ቁርጠቱም ፒልሱ ያመጣው በሽታ ሳይሆን ፒልሱ ይዞት የነበረው የራሷ ነገር ነው። ከመጀመሯ በፊት ፔሬዷ ሁለት ሶስት ወር እየዘለለ ይመጣ የነበረች ሴት ደሞ ስታቆም ወደዛው ነው የምትመለሰው፣ ኪኒኑ ላይ እያለች በየወሩ ስላየች የዳነች ይመስላታል እንጂ። እንደዚህ ያለችው የእንቁላል ማምረቻዋንና የታይሮይድ ሆርሞኗን ብትታይ ጥሩ ነው።

ባል ነኝ አትሳቁ
ሰላም፣ ወንድ መግባት ይፈቀዳል? ባለቤቴ ፒልስ አቁማ ፔሬዷ አልመጣም፣ ሶስት ወር አለፈ፣ ምርመራው ነጋቲቭ ነው። እሷ በጣም ተጨንቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔም ምን እንደምላት ጠፋኝ። በአማካይ ስንት ወር ነው የሚፈጀው?

የሁለት እናት
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ፣ ማንም አይስቅም። እንዳንተ የሚጠይቅ ባል ቢበዛ ጥሩ ነበር።

ሲስተር ታቦር
3 ወር ካለፈ መታየት አለባት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ፒልሱን ምን ያህል ጊዜ ወሰደች፣ ከዛ በፊትስ ምን ነበር የምትጠቀመው?

ባል ነኝ አትሳቁ
ፒልሱን አንድ ፓኬት ነው የወሰደችው፣ አልተስማማትም። ከዛ በፊት የሶስት ወር መርፌ ነበረች፣ ሁለት አመት ይሆናታል። መርፌው ላይ እያለችም ፔሬድ አይመጣላትም ነበር ግን ያኔ ችግር የለውም ብለዋት ነበር።

ሲስተር ታቦር
በል እንግዲህ ታሪኩ ተቀየረ። ያቆመችው ፒልስ አይደለም፣ ዲፖ ነው። የመርፌው መድሃኒት ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ ቀጠሮው 3 ወር ነው ማለት በ3 ወሩ ከሰውነት ይወጣል ማለት አይደለም። ዲፖ ያቆመች ሴት ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ እስክታረግዝ በአማካይ ወደ 10 ወር ይወስድባታል፣ ፔሬዱም ብዙ ወር ሊዘገይ ይችላል። መሀን አያደርግም፣ ያዘገያል። ፒልስ ላይ ሲሆን በሳምንታት ነው፣ ዲፖ ላይ በወራት ነው፣ ሁለቱን ሰው እየቀላቀለ ነው የሚጨነቀው። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕም ሲወጣ ቶሎ ነው የሚመለሰው፣ ይሄ መዘግየት የዲፖ ጠባይ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው መርፌ የተሰጣትን ቀን ካርዷ ላይ እይና ከዛ ቁጠሩ። ምርመራውን ከሳምንታት በኋላ አንዴ ይድገሙት። ጡቷ ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ፣ ክብደቷ ያለምክንያት የተቀየረ ከሆነ ወይም ታችኛው ሆዷን በጣም የሚያማት ከሆነ ግን ሳትጠብቁ ውሰዳት። ሄዳችሁም ስትገቡ ዲፖውን መጀመሪያ ተናገሩ፣ ፒልስ አቆመች ብቻ ካላችሁ ሀኪሙም ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው።

ባል ነኝ አትሳቁ
ካርዱን አየሁት፣ የመጨረሻው መርፌ ገና 7 ወሩ ነው። አሁን አነበብኩላት፣ ሲስተርን ሳምልኝ ብላለች።

ከአዳማ
እኔ አዳማ ነኝ ግን ልግባ። ፒልስ አልወስድም፣ ፖስትፒል (የድንገተኛውን መከላከያ) ነው አልፎ አልፎ የምወስደው፣ ባለፈው ወር ሁለቴ ወሰድኩና አሁን ፔሬዴ መቼ እንደሚመጣ ራሱ አላውቅም፣ አንዴ ቀደመ አንዴ ቀረ።

ፋርማሲ ጥግ
ፋርማሲስት ነኝ፣ ይሄ የኔ ነው። ፖስትፒል አንድ ጊዜ በዛ ያለ ሆርሞን ነው የሚሰጥሽ፣ ቀጣዩን ፔሬድ በሳምንት ገደማ ሊያስቀድም ወይ ሊያዘገይ ይችላል፣ መሀል ላይ ደምም ያሳያል። በወር ሁለቴ ከወሰድሽ ቀኑን ማወቅ የማይቻል ነው። ከጠበቅሽው ቀን ከሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሪ። ጉዳት አለው ብዬ ላስፈራራሽ አይደለም፣ ለድንገተኛ የተሰራ ነገር በየጊዜው ሲወሰድ ከመደበኛው ያነሰ ነው የሚከላከለው፣ ዋጋውም ላንቺ ይበዛል፣ መደበኛው ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

እግረ መንገዴን ፒልስ ለምትወስዱ ሁሉ፣ የቲቢ መድሃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን፣ ከሚጥል በሽታ መድሃኒቶችም እንደ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ያሉት የፒልሱን ጉልበት ይቀንሱታል። ለወራት ደህና የነበረች ሴት እነዚህን ጀምራ መሀል ላይ ደም ማየት ከጀመረች ምልክት ነው፣ መከላከያውን መቀየር አለባት። አሞክሳሲሊን ግን ሰው እንደሚለው አያበላሸውም፣ ተቅማጥና ትውከት ካላመጣ በቀር። ከዋጥሽ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ሌላ ፍሬ ዋጪ።

የድሮ ሰው
እሺ ልጆቼ ተማርኩ። የልጄ ሚስት አራስ ናት፣ ኪኒን ጀምሪ ተብላለች፣ ወተቷን አያደርቀውም?

ሲስተር ታቦር
እትዬ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ለምታጠባ የሚሰጠው ሌላ ዓይነት ነው፣ አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው፣ ወተት አይቀንስም። የተለመደውን ባለ ሁለቱን ግን ህፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ባትጀምረው ነው የሚሻለው። የአራሷ ኪኒን ቡናማ ፍሬ የለውም፣ ሁሉም ሆርሞን ነው፣ ሰዓቱም ጥብቅ ነው፣ ከለመደችው ሰዓት ከ3 ሰዓት በላይ መዘግየት የለበትም። ደሟም ላይመጣ ወይ ሊዘበራረቅ ይችላል፣ እንዳትጨነቁ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳልሄድ። ፒልስ ላይ ሆና አንድ እግሯ ባቷ ላይ ካበጠና ካመማት፣ ደረቷን ወግቷት ትንፋሽ ካጠራት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ሆስፒታል ትሂድ፣ ፒልስ እንደምትወስድም ትናገር። ብዙ ሰው ላይ አይከሰትም ግን ደም መርጋት ቀልድ አይደለም። ሞዴሱን በየሰዓቱ እየሞላች የምትቀይርም እንደዛው። የደም ግፊት ያለባት ሴት ወይም ከ35 አመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ ሴት ፒልስ ባይሆን ነው የሚሻለው፣ ሌላ ዘዴ አለ።

የሽፍት ልጅ
በምሳ ሰዓት ቀየርኩት። ይሄኛው ፓኬት ላይም ትንሽ አሳየኝ ግን ከበፊቱ አነሰ፣ አንድ ሁለት ፓኬት ልየውና ካልሆነ ጤና ጣቢያ ተመልሼ ሌላ ዓይነት እጠይቃለሁ። ቤት ላሉት ልጆችም ይሄን ውይይት አነበብኩላቸው፣ ይጠራቀማል ያለችኝ ራሷ መርፌ ላይ ሆና ስትፈራ ነው የከረመችው ለካ።

የጥር ሙሽራ
ዘግይቼ መጣሁ ይቅርታ። ሰርጌ ጥር ላይ ነው፣ ስቆጥረው ፔሬዴ ሰርጉ ላይ ሊያርፍ ነው። ሚዜዬ ሳምንት ሲቀርሽ ፒልስ ጀምሪ ይቀራል አለችኝ፣ እውነት ነው?

ፋርማሲ ጥግ
ሚዜሽን ውደጂያት ግን ይሄን አትስሚያት ሃሃ። ሳምንት ሲቀርሽ ከጀመርሽ የመጀመሪያው ወር መነካካት የሚያገኝሽ ቬሎሽ ላይ ነው። ከአሁኑ ጀምሪ፣ ግፊትሽን ተለክተሽ፣ እስከ ጥር አካልሽ ይለምደዋል፣ ከዛ የሰርጉ ወር ላይ ቡናማዎቹን ትተሽ ከፓኬት ወደ ፓኬት ቀጥታ ታልፊያለሽ፣ ደሙ አይመጣም፣ ጉዳትም የለውም። ጊዜው ካጠረሽ ፔሬድ የሚያዘገይ ሌላ ኪኒን አለ፣ ኖረቲስቴሮን፣ ፔሬዱ ከሚጠበቅበት 3 ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ በቀን ሶስቴ የሚወሰድ፣ እሱ ግን በሀኪም ትዕዛዝ ነው፣ እርግዝናም አይከላከልም። ካቆምሽው በ2 እና 3 ቀን ደሙ ስለሚመጣ ስትቆጥሪ ሰርጉን ብቻ ሳይሆን መልሱንና ቅልቅሉንም ቁጠሪ።

የጥር ሙሽራ
ውይ ቅልቅሉን ረስቼው ነበር፣ ሰኞ ጤና ጣቢያ ነኝ።